ባሕሩ ጾሙን የፈታ ዕለት

ሐይቁ ተዘግቷል። ዘንድሮም ዝዋይ ላይ መረብ መጣል አይቻልም ተባለ፤ አሳው የሚራባበት ወቅት ነው፣ ትንሽ ይረፍ ብለዋል። የእኔ አሳ ቤት ወንበርና ጠረጴዛው ተፋጠው ቀሩ፤ ሽሮ ነው የምሸጠው። ትናንት አንድ ደንበኛዬ መጣ፤ ሹፌር ነው፣ ከሐዋሳ ሲመለስ ሁልጊዜ እኔ ዘንድ ነው የሚበላው። አሳ የለም ስለው ፊቱን አጠቆረና "እትዬ ትርንጎ፣ አሳ ደግሞ የዓመት ዕረፍት ይወጣል እንዴ?" አለኝ። ሳቄ መጣ። እንደ መሳቅም አይደለም፣ ጠረጴዛውን ይዤ ነው የሳቅሁት፤ እሱ በሱ የሳቅሁ መስሎት ተኮሳተረ። ምን ላድርግ፣ ይህችኑ ጥያቄ በሌላ አገር በሌላ ቋንቋ አውቃታለሁ። ወዲያው ያ የኩዌት ወጥ ቤት፣ ነጩ ሰድር፣ የደረቀ ሎሚና የሩዝ እንፋሎት ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ፤ ከሽታው ጋር ደግሞ ባባ መጡ። ሰው ኩዌትን ይናፍቃል ወይ ይሉኛል እዚህ። እኔ እናፍቃለሁ፤ ማን ይከለክለኛል።

ቤታችን ሩመይሲያ ነበር። ቤታችን የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ቤቱስ የማዳም ነው። ማዳም ቁጡ ግን ልበ ቀና ሴት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴቶች ልጆቿንና ሽማግሌ አባቷን ይዛ ትኖራለች። አባቷን ቤተሰቡ ሁሉ ባባ ነው የሚላቸው፣ እኔም ባባ አልኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ትርንጎ ማለት አልሆን ብሏቸው ትሪን አሉኝ። ዓርብ ዕረፍቴ ነው። በቅርባችን ካለው ሰፈር ከሐዋሊ ሰው እላዩ ላይ የሚንጠለጠልበትን አውቶቡስ ይዤ ሚርቃብ እወርዳለሁ። ሚርቃብ ያኔ ለእኛ መርካቶ ነበር፤ በርበሬው እዚያ፣ ሽሮው እዚያ፣ ነጠላው እዚያ፣ የስልክ ካርዱ እዚያ። ከሞባይል ሱቆቹ የኛ ዘፈንና የሕንዶቹ ዘፈን እየተጋፉ ይወጣሉ፤ አንዱን ስሰማ አንገቴ ይወዛወዛል፣ ሌላውን ስሰማ ወገቤ። እጅጌው ላይ ብርማ ክር ያለው ዓባያ በሦስት ዲናር ተኩል ገዝቼ፣ ብትሉኝ ባትሉኝ፣ ያን የመሰለ ልብስ ከዚያ በኋላ አልለበስኩም። ጓደኛዬ ማርታ ከአሕመዲ ትመጣለች። የነዳጅ ሠራተኞች ሰፈር ነው የምትሠራው፤ እኛ ጋ ዛፍ አለ እያለች ትኮራብኛለች፣ ዛፉን ራሷ የተከለችው ነው የሚመስለው። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እሷ ከኅብረቷ ዘምራ ትመጣለች፣ እኔ ሳምንቱን በልቤ ስጸልይ የከረምኩትን ይዤ እመጣለሁ፤ ከዚያ አንድ ሱቅ ጥግ ቆመን ሻይ በወተት በመቶ ፊልስ እየጠጣን፣ ማዳሞቻችንን እያማን ሆዳችን እስኪቆስል እንስቃለን።

ባባ ጀልባ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። በስተርጅና አንዲት ጀልባ ቀርታላቸው ነበር፤ ረይስ ሳብር የሚባል ግብፃዊ ነው የሚያዝላቸው፣ ረይስ ማለት እንግዲህ የጀልባ አዛዥ ነው። ባባ የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሩብያን፣ ፈረንጆቹ ሽሪምፕ የሚሉት ያ ጠማማ የባሕር ፍጥረት። ሩብያን ግን እንደፈለጉ አይያዝም። ብርዱ ሲያልፍ መንግሥት ባሕሩን ይዘጋበታል፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ማንም አይነካውም። ከተከፈተም በኋላ የመረቡ ዓይን ይለካል፣ ጀልባ ሁሉ ያወረደው ወደቡ ላይ ሚዛን ይወጣል፤ ጫጩት የሆነ ከተገኘበት ፈቃዱን ይነጠቃል። ድሮ፣ እኔ ሳልመጣ፣ ይህ ሕግ ሊወጣ ሲል የጀልባ ባለቤቶቹ ተሰብስበው አገር ይያዝልን አሉ። ባባ ናቸው አሉ በመካከላቸው ቆመው "ዝጉት፣ ካልተዘጋ ልጆቻችን ሩብያን የሚያውቁት በሥዕል ነው" ያሉት። ዓመቱን ጠይቄ አላውቅም። ብቻ ከዚያ በኋላ ዲዋኒያ፣ ወንዶቹ ማታ ማታ ተሰብስበው የሚያወጉበት ክፍል፣ ሲገቡ ቦታ የሚለቅላቸው ጠፋ። አንዱ ወዳጃቸውማ "አሳ ደግሞ ዕረፍት ይወጣል እንዴ?" ብሎ ሰው ሁሉ እንዲስቅባቸው አደረገ። ባባ ይህን ሲያጫውቱኝ ራሳቸውም ይስቃሉ፤ ግን ሳቁ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይቆማል።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ሩብያን ቅርፊትም የለው ክንፍም የለው። እኔ ደግሞ ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን አልቀምስም፤ ዛሬም እዚህ አምባዛ እጠብሳለሁ እንጂ ጣቴን አልልስም። ስለዚህ መረቢያኑን፣ ሩብያን በሩዝ የሚሉትን፣ በዓይኔና በእጄ ነው የምሠራው። ጨዉን ግን ዓይን አያየውም። ጨዉን ባባ ነበሩ የሚቀምሱልኝ። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ወንበራቸው አለች፤ ትንሿን ማንኪያ አቀርብላቸዋለሁ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያጣጥማሉ። ቃል አይናገሩም፤ የጀልባ ሰው ነፋስ ላይ በእጅ ነው የሚነጋገረው ይላሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ከገጠሙ ትንሽ ጨምሪ ማለት ነው። መዳፋቸውን ከዘረጉ ልክ ነው። ሁለቱን ጣቶች በሰፊው ከከፈቱ ደግሞ በዛ፣ አበላሸሽው ማለት ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም፣ አንድ ቀንም አልተከራከርኩ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ዓርብ ቀረ፣ ሚርቃብ ቀረ፣ ብርማው ዓባያ ቁም ሳጥን ገባ። መስጊዱ ሁሉ በየቤታችሁ ስገዱ ማለት ጀመረ። ሽንኩርት ሳይቀር በኮምጣጤ አጥቤ ነበር የማስገባው፤ እጄ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። የሰዓት እላፊው ሳይረን ሲጮህ ግን፣ እውነት ልናገር፣ እኛ ሠራተኞቹ ደስታችን በዚያ ሰዓት ነበር። ልብስ ልናሰጣ ጣራ ላይ እንወጣለን፤ ከወዲያ ማዶ ሲሪላንካይቱ፣ ከወዲህ ፊሊፒንዋ፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ታጨበጭባለች፣ መንገዱ ላይ ድመት ብቻ ነው ያለው። እኔም በእስክስታ ትከሻዬን ሰብቄ አሳየኋቸው፤ በማግሥቱ ሦስት ጣራ ላይ ትከሻ ሲሰበቅ አየሁ። ማርታ በስልክ እየሳቀች "በሽታ እንኳ አላስቀመጠሽም" ትለኛለች።

ባባንም ያዛቸው። ክፍላቸው ተዘግቶባቸው ከረሙ፤ ምግቡን በር ላይ አስቀምጬ አንኳኩቼ እሸሻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ። ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ ጉልበታቸው ተመለሰ፤ ምላሳቸው ግን ቀረ። ሽታ የለም፣ ጣዕም የለም። ምን ባቀርብላቸው "ጥጥ ነው" ይሉኛል። ዶሮ ጥጥ፣ ተምር ጥጥ፣ ማር ሳይቀር ጥጥ። ማኘኩ ራሱ ሰለቻቸው፤ አንገታቸው ቀጠነ፣ ነጩ ረጅም ቀሚሳቸው፣ ዲሽዳሻቸው፣ ሰፋባቸው። ሐኪሙ በስልክ ለማዳም እንዲህ ካልበሉ ሆስፒታል ገብተው በደም ሥር መመገብ አለባቸው አላት። ያኔ ሆስፒታል የገባ ሽማግሌ ጠያቂ የለውም፤ ከመኪና ወርዶ፣ እጁን አውለብልቦ፣ ብቻውን ነው የሚገባው። ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት እንዲያ ገብተው አልወጡም። ማዳም ስልኩን ዘግታ ማቀዝቀዣው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆመች። ባባ ግን አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፤ "ሩብያን ቢሆን እበላለሁ።" ባሕሩ ደግሞ ዝግ ነው።

አንድ ቀን ማዳም በጓሮ በር ጥቁር ፌስታል ይዛ ገባች።

"ትሪን፣ ይህን ሥሪ። ባባ እንደሚወዱት አድርገሽ።"

ፈታሁት፤ ሩብያን ነው። "ማዳም፣ ይሄ መምኑዕ አይደለም እንዴ?" አልኳት። መምኑዕ ክልክል ማለት ነው።

"አባቴ በቁማቸው እያለቁ አንቺ ስለ ክልክል ታወሪኛለሽ" አለችኝ፤ ድምጿ ተሰበረ።

ሠራሁ። ለሽማግሌ ምግብ አልሠራም የሚል ማን አለ። ትሪውን ፊታቸው አስቀመጥኩ። አፍንጫቸው አይሠራም፣ ምላሳቸው አይሠራም፤ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ነው። አንዷን አነሡ፣ ሩዙን ጠረጉላትና በሌባ ጣታቸው ላይ አጋደሟት። የጣታቸውን ግማሽ እንኳ አልሞላችም።

"ይቺ ገና ሕፃን ናት" አሉ። "የት ወረደች? ሚዛን ላይ ስትወጣ ያያት አለ?"

"ባባ፣ ይብሉ እንጂ" አለች ማዳም። "ማን ያያል? በሩ ዝግ ነው፣ አገሩ ሁሉ ዝግ ነው።"

"እኔ ሰው ፊት ቆሜ ነው ዝጉት ያልኩት። አሁን በር ዘግቼ ልብላ?"

"እኔ የምፈልገው አባቴን ነው። ባሕሩ ለራሱ ይወቅ።" ይህን ብላ አለቀሰች፤ ልጆቿም እሷን አይተው ዓይናቸው ቀላ።

ባባ አልተቆጡም። ሩብያኗን ትሪው ላይ መለሷትና በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይቺ ልጅ በዓመት ስንት ጊዜ ትጾማለች? ለእኛ ሥጋ እየጠበሰች፣ ወተት እያፈላች፣ አንድ ቀን ጣቷን ስትልስ አይተሻታል? ወጥ ቤት ብቻዋን ናት፣ ማን ያያት ነበር? ባሕሩም ይጹም። እሱ ሲፈታ እኔም እበላለሁ።"

እኔን ልጅ ማለታቸው፤ ያኔም ጸጉሬ ሸብቷል። እንግዲህ ስሜ ከተነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ባባ" አልኳቸው፣ "መጾምዎ ካልቀረ በእኛ ሕግ ይጹሙ። የእኛ ጾም ዝም ብሎ መራብ አይደለም። ፍልሰታ የሚባለው ጾማችን ሊገባ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እናንተ ሦስት ሰዓት በምትሉት ማለቴ ነው፣ ይቆያል፤ ከዚያ ይበላል። አብረውኝ ይበላሉ። ጣመኝ አልጣመኝ ማለት የለም፤ የጾም ምግብ እንዲጥም አይደለም የሚበላው።"

ባባ ትንሽ አዩኝ። "ተቆጣጣሪው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሕግ ካለ ጥሩ" አሉና ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ማዳም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች አብራ ሳቀች።

እንግዲህ ኩዌታዊው ባባ ፍልሰታን ጾሙ ብል ማን ያምነኛል። እሳቸው የባሕሩን ነው የሚጾሙት፣ እኔ የእመቤታችንን፤ ሰዓቱ ግን አንድ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይጠብቁኛል። ምስር በሩዝ፣ ክክ፣ ቲማቲም በቃሪያ፣ ከሚርቃብ የመጣች የመጨረሻዋ ሽሮዬ። ጥጥ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጣቴን አነሣለሁ፤ ሕግ ነው። ይጎርሳሉ። ማዳም በሳምንቱ መጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አምጥታ እንዲቆሙበት ታደርጋለች፤ እሳቸው ዲሽዳሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ይወጡና "ጀልባዋ ምን ያህል አወረደች?" ይላሉ። አልጨመሩም፤ ግን አልቀነሱም። ሐኪሙ እንዲህ ከሆነ እስቲ እንጠብቅ አለ። ለእኛ ይህ በቂ ነበር፤ ያን ቀን ጣራ ላይ ወጥቼ ሲሪላንካይቱን ሳላስጨፍር አልወረድኩም።

ፍልሰታ ተፈታ፣ እኔ እንቁላሌን በላሁ፤ ባሕሩ ገና ነበር። ባባ እንቁላሉን እያዩ "ጥለሽኝ ሄድሽ አይደል?" አሉኝ። "የእርስዎ ባሕር ዐቢይ ጾም ላይ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" አልኳቸው። በነሐሴ መጨረሻ የሰዓት እላፊው ተነሣ። ከዚያም ብዙም ሳይቆይ ረይስ ሳብር ደወለ፤ ባሕሩ ተከፍቷል፣ የመጀመሪያውን ይዘን እየገባን ነው አለ።

ባባ ካልሄድኩ አሉ። ማዳም ትነዳለች፣ ባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሳፋ ታቅፌ፤ ብርማውን ዓባያ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ለብሼዋለሁ፣ ለአሳ ገበያ ነው ብሎ ማን ከለከለኝ። ወደቡ አጠገብ ሸርቅ ስንደርስ የአሳ ገበያው፣ ወራት የጨለመው፣ በርቷል። ቅርጫቱ ከጀልባ ይወርዳል፣ ሚዛን ይወጣል፣ ፊቱን በፕላስቲክ የሸፈነ ተቆጣጣሪ ከላይ አንዱን አንሥቶ ያያል፣ እለፍ ይላል። ባባ ከመኪናው አልወረዱም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ቅርጫቱን በዓይናቸው ይሸኛሉ። ከአጠገባችን ሌላ መኪና ውስጥ አንድ አዛውንት ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ባባን አዩ፣ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ያ በዲዋኒያው "ዕረፍት ይወጣል እንዴ" ያለው ወዳጃቸው መሆኑን ማዳም በሹክሹክታ ነገረችኝ። ባባም እጃቸውን ልባቸው ላይ አደረጉ። ረይስ ሳብር ቅርጫት ይዞ መጣና "ተመዝኖ ያለፈ ነው" አለ። ባባ አንዱን ሩብያን ጣታቸው ላይ አጋደሙት፤ ከጣታቸው አልፎ ተረፈ። "ያላ፣ ወደ ቤት" አሉ።

ወጥ ቤት ገብቼ ማርታን በስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እየላጥኩ ነው። "ጨዉን ማን ሊቀምስልሽ ነው?" አለችኝ። እጄ ቆመ። ለካ ይህን አላሰብኩም። የእኔ ቀማሽ ባባ ናቸው፣ የባባ ምላስ ደግሞ ጥጥ ነው። "አንቺ እዚህ ብትሆኚ ምን ነበረበት" አልኳት። "በእኔ በኩል ችግር የለም፣ በስልክ አይቀመስም እንጂ" ብላ ሳቀች። ማዳምን እንዳልጠራ ከአባቷ በፊት አትቀምስም፤ ልጆቹም እንዲሁ። በስመአብ ብዬ በግምት ጨመርኩ፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር እጄ ትንሽ ዘና ሳይል አልቀረም። ክዳኑን ገጥሜ የባባን ዲሽዳሻ ልተኩስ ወጣሁ። ያኔ ነው ማዳም የገባችው። ትሪን አትቀምስም፣ ቀማሽም የላትም፣ ፈርታ ጨው አሳንሳ ይሆናል ብላ አዘነችልኝና እሷም በእፍኟ ጨመረች። ይህን ያወቅሁት ገበታው ላይ ነው።

ሁሉም ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ትንሿ ልጅ ጎረሰችና ዓይኗ ፈጠጠ፤ ታላቋ ውሃ አነሣች። ማዳም ማኘኳን አቁማ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ እሷን አየሁ፣ እሷ እጇን አየች፣ ገባኝ። ሁላችንም ባባን ነው የምናየው። ወራት የጠበቁት ምግብ ነው፤ ይህንንም ጥጥ ነው ብለው ትሪውን ከገፉት ሌላ የሚጠበቅ ነገር የለንም፣ ቀጥሎ ሆስፒታል ነው። ባባ አንዱን አኘኩ። ሁለተኛውን ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ከትሪው ላይ ተነሣ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው ቀስ እያሉ ተከፈቱ፣ ተከፈቱ፣ እስከ መጨረሻው ተከፈቱ።

"ትሪን" አሉ፤ "ባሕሩ ተከፈተ ሲሉሽ ውሃውን ነው እንዴ ቀድተሽ ያመጣሽው?"

እልልታዬ የሩመይሲያን መስኮት ሁሉ ያስከፈተ ይመስለኛል። ማዳም ወንበሯን ጥላ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እልል እላለሁ፣ ማርታ ያልዘጋሁት ስልክ ውስጥ ሆና "ምን ተፈጠረ፣ ማን ሞተ?" ትላለች። ሩዙን በሌላ ሩዝ ቀላቅዬ ላለዝበው ትሪውን ላነሣ ስል ባባ እጄን ያዙኝ። "ተዪው" አሉ፣ "ጨው ነው፣ አውቀዋለሁ።" እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገብቶ እየጠፋ፣ ውሃ እየጠጡ፣ እስከ ታች በሉት።

ባባ ከዚያ በኋላ ባሕሩ ሲዘጋም ሲከፈትም ብዙ ጊዜ አዩ። እኔ አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው ያረፉት፤ ማዳም ደውላ ነገረችኝ፣ ሁለታችንም ስንላቀስ ቆይተን ያን ትሪ ስናነሣ መሳቅ ጀመርን። ትናንት ይህ ሁሉ በዓይኔ ሲዞር ሹፌሩን ረስቼው ኖሯል። ሽሮውን ሁለት ጎርሶ ፊቱን አጨማደደና "እትዬ ትርንጎ፣ ጨው አብዝተውበታል እኮ" አለኝ። ሌላ ቀን ሌላ ደንበኛ እንዲህ ሲለኝ የሚያውቁኝ ሰዎች ይሣቀቃሉ፤ ምላሴ ሹል ነው ይላሉ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ውሃ ቀዳሁለት።

"እንኳን ቀመስከው የኔ ልጅ" አልኩት።